ሬስቶራንት ገብተን በብርድ ሳንበላ ወጣን፤ ኤሲው ለምንድን ነው እንዲህ የሚደረገው?

የጋርላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዳላስ አካባቢ፣ ጋርላንድ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምሳ ልጋብዛት ብዬ ሰፈራችን ያለ አንድ ሬስቶራንት ወሰድኳት። በርገር፣ ዶሮ፣ ሾርባ ምናምን የሚሸጥ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚገባበት ተራ ቤት ነው። ውጭው 102 ፋራናይት ነበር፣ በእኛ ወደ 39 ዲግሪ ማለት ነው። የመኪናው መሪ አያስነካም። በሩን ከፍተን ስንገባ ሁለታችንም «እፎይ» አልን። እፎይታው አምስት ደቂቃም አልቆየ።

ያስቀመጡን ልክ ከጣሪያው የአየር መውጫ ሥር ነው። እናቴ መጀመሪያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ደረበች። ትንሽ ቆይታ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ ሁለት እጇን ነጠላው ውስጥ ከተተችና ዝም አለች። እናቴ ሰው ቤት ገብታ የምታማርር ሴት አይደለችም፣ ዝም ስትል ነው እኔ የምደነግጠው። እጇን ስይዘው በረዶ ሆኗል። «እማዬ፣ በረደሽ እንዴ?» ስላት «ኧረ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብይ» አለችኝ።

አስተናጋጇን ጠርቼ ብርዱን ትንሽ ማርገብ ይቻላል ወይ አልኳት። ልጅቷ ከልቧ ነው ያዘነችው። እሷ ራሷ ከዩኒፎርሟ ሥር ረጅም እጅጌ ለብሳለች። «እኛ አንነካውም፣ ተቆልፏል» አለችኝ። ማናጀሩ መጣ፣ እሱም ያንኑ ደገመልኝ። ሌላ ባዶ ጠረጴዛ የለም። ሾርባ አዘዝኩላት፣ ሁለት ማንኪያ እንደቀመሰች ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ምግቡን አስጠቅልለን ወጣንና መኪና ውስጥ፣ ኤሲ ሳንከፍት በላን። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ስታሞቅ ሳያት እንባዬ መጣ። ማታ «ምች መታኝ» ብላ ራሷን በሻሽ አስራ ተኛች። ጋርላንድ ላይ ዳማከሴ ከየት ይመጣል?

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ይህን የሚወስነው ማነው? ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርጉት? ሰው ምን ብሎ ቢጠይቅ ነው የሚሰሙት? ከእናቴ ጋር ገና ሁለት ወር አለን፣ ቤት ቆልፌባት ልኖር አልፈልግም።

ሹራብ_አይለየኝ

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ አትላንታ ነኝ። መኪናዬ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሹራብ አለ፣ የብርዱ ወቅት ሳይሆን የሰመር፣ የሙቀቱ ወቅት ሹራብ ነው። በብርዱ ወቅት የትም ብትገቢ ሞቅ ያለ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው ሰው ቤት ውስጥ የሚንቀጠቀጠው። አገር ቤት ያሉት እህቶቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም።

ትሪ_ይዤ_ስሮጥ

ስድስት ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ፣ ሁለት ቦታ። አስተናጋጇ አልዋሸችሽም። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ነበር፣ ቴርሞስታቱ፣ ሙቀቱ የሚስተካከልበት የግድግዳ መሣሪያ፣ ላይ የፕላስቲክ ሳጥን ተገጥሞ ተቆልፏል፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ከሌላ ከተማ ሆነው በኮምፒውተር ነው። ማናጀሩ እንኳ ሁለት ዲግሪ ለመቀየር ስልክ መደወል ነበረበት። ስለዚህ አይደውልም። ስልኩን ይዞ ከሚጠብቅ ይቅርታ መጠየቅ ይቀለዋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኛ ስምንት ሰዓት ሙሉ እንሮጣለን። ከወጥ ቤት የሚወጣው እሳት ነው፣ ዩኒፎርሙ ጨርቁ አያስተነፍስም፣ ትሪው ይከብዳል። ለእኔ 70 ፋራናይት (21 ዲግሪ) ልክ ነበር። ቁጭ ብሎ ለሚበላ ሰው ግን 70 ብርድ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚሮጥና የሚቀመጥ ሰው ሲኖር ሁለቱን እኩል የሚያስደስት ቁጥር የለም። የሚያሳዝነው ቁጥሩ ሁልጊዜ ወደሚሮጠው ማጋደሉ ነው። ደንበኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሄዳል፣ ሠራተኛው ግን ላብ በላብ ሆኖ ሲታይ ቤቱ ቆሻሻ ይመስላል ብለው ይፈራሉ።

ጣሪያ_ላይ_ነኝ

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ሳትቀየሙኝ። ጣሪያ ሥራ ነው የምሠራው፣ እዚያው ቴክሳስ። አስፋልት ሺንግል (የጣሪያ ልባስ) ላይ ተንበርክከህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ስትውል ሰውነትህ ሌላ ነገር ይሆናል። ምሳ ሰዓት በሩን ከፍቼ ስገባ ያ ቅዝቃዜ ፊቴን ሲመታኝ ነው ነፍሴ የሚመለሰው። እኔም ገንዘቤን ከፍዬ ነው የምገባው። የበረደው ሰው ልብስ ይደርባል፣ የሞቀው ሰው ግን ከቆዳው በላይ ምን ያወልቃል?

የጋርላንዷ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፣ የአንተን ድካም አልክድም። እኔም ሞቅ ያለ ቤት ይሁን አላልኩም። ግን አንተ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠህ ልብስህ ላይ ያለው ላብ ሲደርቅ አንተንስ አይበርድህም? እናቴ ደግሞ 71 ዓመቷ ነው። ነጠላም ደርባለች። ከነጠላ በላይ በ102 ፋራናይት ቀን ምን ይዛ ትውጣ?

ጣሪያ_ላይ_ነኝ

እውነት ለመናገር፣ አዎ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ቶሎ በልቼ ነው የምወጣው። እናትሽን ግን ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው አስቤ አልጻፍኩትም።

ኤሲ_ጠጋኝ

ሂውስተን ነው የምሠራው፣ የንግድ ቤቶች ኤሲ እጠግናለሁ፣ ግማሹ ሥራዬ ሬስቶራንት ነው። ሲጠየቅ ደስ የሚለኝ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ማሽኑ የሚመረጠው ለዛሬ አይደለም። በዓመቱ ውስጥ ለሚመጣው የባሰ ሙቀት፣ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ፣ ወጥ ቤቱ በሙሉ እየነደደ ነው ተብሎ ይሰላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። 40 ሰው 4,000 ዋት ነው። አገር ቤት ያለውን የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ አስቡት፣ አንድ ምጣድ አዳራሹ መሃል ተለኩሶ እንደመዋል ነው። አሁን ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ሰው ወጣ፣ ስምንት ሰው ቀረ። ምጣዱ ጠፋ ማለት ነው። ማሽኑ ግን ያው ነው። በተለይ አሮጌው ዓይነት ልከኛ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ወይ በሙሉ ኃይሉ ይነፍሳል ወይ ይጠፋል።

«ታዲያ ቴርሞስታቱ ምን ይሠራል?» ትላላችሁ። ቴርሞስታቱ የሚያውቀው የተሰቀለበትን ቦታ ብቻ ነው። ስንቴ አይቻለሁ፣ ካሸሩ አጠገብ፣ ከቡና ማሽኑ በላይ፣ ወይ ወጥ ቤት በር ጎን ተሰቅሎ። እዚያ ቦታ 75 (24 ዲግሪ) ነው፣ የእናትሽ ወንበር ላይ 66 (19 ዲግሪ)። ቴርሞስታቱ ገና ሞቃት ነው እያለ ማሽኑን ያስነፍሳል። ከጣሪያው መውጫ የሚወርደው አየር ደግሞ ራሱ 55 ፋራናይት ገደማ ነው፣ 13 ዲግሪ ማለት ነው። ከሌላው አየር ጋር ሳይቀላቀል አንገት ላይ ካረፈ አዳራሹ 72 ቢሆንም ለተቀመጠው ሰው ዋጋ የለውም። ሽውታ ነው የሚጎዳው፣ ቁጥሩ ብቻ አይደለም።

ሌላው እርጥበት ነው። ሂውስተን አየሩ ውኃ ነው። ማሽኑ ከቤቱ መጠን በላይ ትልቅ ከሆነ አየሩን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ እርጥበቱን ለማውጣት ግን ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ቤቱ ቀዝቃዛም እርጥብም ይሆናል። ባለቤቱ «ደስ አይልም፣ ሙጭጭ ይላል» ብሎ ጭራሽ ወደ 67 ያወርደዋል።

ሦስተኛው የወጥ ቤቱ ጭስ መሳቢያ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው ሁድ ጭሱን ብቻ ሳይሆን የአዳራሹንም አየር ይስባል። በተሳበው ፈንታ በቂ አየር ካልገባ ቤቱ በበሩና በየስንጥቁ ከውጭ የጋለ አየር ይጎትታል። ምልክቱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ በሩን ወደ ውጭ ስትስቡት አልከፈት ብሎ የሚታገላችሁ ቤት እሱ ነው። በር አጠገብ ያሉት ይሞቃቸዋል፣ «ሙቀት ነው» ብለው ይናገራሉ፣ ባለቤቱ ያወርደዋል፣ ጥጉ ላይ ያሉት ይንቀጠቀጣሉ።

ልጠይቅ_ብዬ

ጋሼ ኤሲ ጠጋኝ፣ ሰው ቶሎ በልቶ እንዲወጣ ሆን ብለው ነው የሚያበርዱት የሚባለው እውነት ነው? ምግቡ እንዳይበላሽም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ኤሲ_ጠጋኝ

በሥራ ዘመኔ «ሰው ቶሎ እንዲወጣ አብርድልኝ» ያለኝ ባለቤት አንድም የለም። የሚደውሉልኝ ሁሉ ሞቀ ብሎ ደንበኛ ስለጮኸባቸው ነው። የሞቀው ሰው ይጮኻል፣ የበረደው ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለው።

የምግቡ ጉዳይ ደግሞ ሐሰት ነው። እዚህ አገር የምግብ ደንቡ ትኩስ ምግብ ከ135 ፋራናይት በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ41 በታች ይቀመጥ ይላል። አዳራሹን 66 ማድረግ ለሁለቱም አይጠቅምም። እንዲያውም ሳህን ላይ የቀረበው ቶሎ ይቀዘቅዛል እንጂ።

ቅቤ_ለጋ

ይህን ካነሳችሁማ እኔም ልናገር። እዚህ ዲሲ አካባቢ የእኛው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ክትፎ ለብለብ አዘዝኩ። ሲመጣ ቅቤው ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፍ ነበር፣ ሽታው ራሱ ያጠግባል። ከጓደኛዬ ጋር ትንሽ ስናወራ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያለው ቅቤ ነጭ ሆኖ ረጋ። ቀጥሎ መሃሉ። እንጀራው ደግሞ ከላይ በሚነፍሰው አየር ጠርዙ ደርቆ ወደ ላይ ተጠቀለለ፣ ስቆርሰው ተሰበረ። ጎመኑ እንኳ ቀዘቀዘ። የእኛ ምግብ እጅ ታጥቦ፣ ተጎራርሶ፣ ቀስ ተብሎ የሚበላ ነው። እንደ ሳንድዊች በሩጫ አይበላም። ለእኛ ምግብ ያ ብርድ ነውር ነው፣ ከልቤ ነው የምለው።

ዴይራ_ካፍቴሪያ

ከዱባይ ነኝ። እዚህ ውጭው 45 ዲግሪ ነው፣ ሱቅና ሞል ውስጥ ስንገባ ግን እንደ ሰሜን ተራራ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ሲወጣ እርጥበቱ መነጽሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ ቆሞ ይጠርጋል። እኔ የምሠራበት ትንሽ ካፍቴሪያ ግን ሙከይፉ (ኤሲው) በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው፣ ሪሞቱ ካሸሩ ጋ ነው። ደንበኛ «በረደኝ» ካለኝ እዚያው ሁለት ዲግሪ ከፍ አደርግለታለሁ፣ ወይም ክንፉን ወደ ጣሪያ አዞረዋለሁ። የትልልቆቹ ቤቶች ችግር ማሽኑ ሳይሆን ሰው ከማሽኑ መራቁ ይመስለኛል። ሪሞቱ ከሰው እጅ ወጥቷል።

ነርስ_ነኝ

ሚኒሶታ በነርስነት እሠራለሁ። የእናትሽ ነገር አሳስቦኛል፣ ስለዚህ ጥቂት ነገር ልበል።

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ሙቀት የሚያመነጭበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከቆዳ ሥር ያለው ስብም ይሳሳል። ወጣት ሰው ሲበርደው የእጅና የእግር ደም ሥሮቹ ቶሎ ይጠብና ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይይዛል። በትልቅ ሰው ላይ ይህ ይዘገያል። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ስኳር፣ እንዲሁም አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች እጅና እግርን ጭራሽ ያቀዘቅዛሉ። እናትሽ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለሐኪማቸው ብርድ እንደማይችሉ ንገሪ። ጣቶቻቸው ነጭ ወይም ሰማያዊ የሚሆኑ ከሆነ ደግሞ እሱንም ሳትረሺ ንገሪ።

ምች ሲሉ አትናቂባቸው። ከ39 ዲግሪ ላብ በላብ ሆነው ወደ 20 ሲገቡ ልብሱ ላይ ያለው ላብ እየተነነ ሙቀታቸውን ይወስዳል፣ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ራስ ያማል። በእኛ ቋንቋ ስሙ ያ ነው። ደረቅ ካልሲ፣ ለውጠው የሚለብሱት ቀሚስ፣ ትኩስ ነገር በቴርሞስ ይዘሽ ውጪ። ሻይ በዝንጅብል ቢሆን ጥሩ ነው።

ኬዚራ_ጥላ

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁንም ድሬ ነው ያለሁት። ስታወሩ ስሰማ ገረመኝ። እኛ ጋ ሙቀት ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው አንፈልግም። ግን ብዙው ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ ማራገቢያ ነው ያለው፣ ጥሩውም ቦታ ውጭ ዛፍ ሥር ነው። ቀትር ላይ ሰው አይወጣም፣ ሱቁም ይዘጋል፣ ይተኛል። ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው ከተማው የሚነቃው። ሽርጥ ታስሮ፣ ቀለል ያለ ልብስ ተለብሶ ይወጣል። ሙቀቱን በሰዓት እንጂ በማሽን አናሸንፈውም። የአዲስ አበባ ሰው ግን ድሬም መጥቶ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዝጉ ይላል፣ ይህን አውቃለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ የኖረ ሰው ሽውታን ይፈራል፣ ልማዱ ነው፣ እናትሽም ከዚያ ነው የመጡት።

ከኔታንያ

እዚህ እስራኤልም ማዝጋን (ኤሲ) ያው ነው። አባቴ ሰርግ አዳራሽ ሲሄድ ነሐሴ ላይ ጋቢውን ይዞ ነው። መጀመሪያ እናፍር ነበር። አሁን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይዘው ይመጣሉ።

አሮጌ_ጋዜጣ

ታሪኩን ልጨምርላችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ልማድ ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ውስጥ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት የሠራው ለሰው ብሎ አልነበረም፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ቀለሙ አልገጥም ስላለ ነው። በኋላ በ1920ዎቹ ሲኒማ ቤቶች ወሰዱት። ኒውዮርክ ሪቮሊ ቲያትር በ1925 ሲያስገባው ሰው ለፊልሙም ለቅዝቃዜውም ብሎ ይሰለፍ ጀመር። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ብርድ የሚሸጥ ነገር ሆነ። በር ሲከፈት ፊት ላይ ካልመታ ቤቱ ርካሽ ይመስላቸዋል።

ግን መመለስም ተችሎ ያውቃል። በ1979 የነዳጅ ችግር ጊዜ ፕሬዚዳንት ካርተር የንግድና የመንግሥት ሕንፃዎች በሰመር ከ78 ፋራናይት (ወደ 26 ዲግሪ) በታች እንዳያቀዘቅዙ አዘዙ። በ1981 ሬገን ሲመጡ ትእዛዙ ተነሣ። ጃፓን በ2005 መሥሪያ ቤቶች 28 ዲግሪ ላይ ያድርጉ፣ ሠራተኛውም ክራቫትና ኮቱን ያውልቅ ብላ ዘመቻ ጀመረች። ስፔን በ2022 ሱቆችና የሕዝብ ሕንፃዎች ከ27 ዲግሪ በታች እንዳያወርዱ ደነገገች።

ሌላም አለ። ሕንፃዎች ለሰው ይመቻሉ የሚባሉበት ስሌት መሠረቱ በ1960ዎቹ የተሠራ ሲሆን ሰውነት የሚያመነጨውን ሙቀት ያሰሉት 70 ኪሎ በሚመዝን የ40 ዓመት ወንድ ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት ይህ ስሌት የሴቶች ሰውነት የሚያመነጨውን ሙቀት እስከ 35 በመቶ አብዝቶ ሊገምት እንደሚችል ጽፈዋል። ስለዚህ «ሴቶች ይበርዳቸዋል» እየተባለ የሚታለፈው ነገር የሴቶቹ ድክመት አይደለም፣ ቁጥሩ ሲወጣ እነሱ አልነበሩበትም።

ትሪ_ይዤ_ስሮጥ

ይህችን የመጨረሻዋን ለድሮው ማናጀሬ ብልክለት ደስ ይለኝ ነበር።

ባለ_ምግብ_ቤት

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን መጻፍ አለብኝ። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለኝ፣ 14 ጠረጴዛ። ቅቤ ለጋ የጻፈውን ሳነብ የእኔን ቤት የገለጸ መስሎኝ ፊቴ ቀላ።

የእኛን በኩል ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ጥብሱ በጋለ ብረት ላይ እየጨሰ ይወጣል። ጭሱ ካልወጣ ሰው ያስላል። አርብና ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አለ፣ እስክስታው ሲጀመር ቤቱ ይግላል፣ በዚያ ሰዓት ማሽኑን ባስነሳው አይደርስልኝም። ስለዚህ ከአሥር ሰዓት ጀምሬ 66 ላይ አድርጌ ቤቱን አስቀድሜ አቀዘቅዘዋለሁ። ሰው የሚሞላው ግን ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በመሃል አምስት ሰዓት ሙሉ በጊዜ እራት የሚበሉት፣ ብዙዎቹ ቤተሰብና ትልልቅ ሰዎች፣ ለሦስት ሰዓቱ ሕዝብ በተዘጋጀ ብርድ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህን እስከ ዛሬ እንዲህ አስቤው አላውቅም። የመብራት ሂሳቡም ሐምሌ ላይ ያናጋኛል፣ ለማንም ለማይጠቅም ብርድ ማለት ነው።

ኤሲ ጠጋኝ ወንድሜ፣ ምን ላድርግ? አዲስ ማሽን መግዛት አልችልም።

ኤሲ_ጠጋኝ

አዲስ ማሽን አያስፈልግህም። መጀመሪያ ርካሽ የክፍል ቴርሞሜትር ግዛ። ሰው በሚበላበት ሰዓት፣ ባዶ ቤት ላይ አይደለም፣ እያንዳንዱ ወንበር ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቁጭ በል። ቁመቱ የተቀመጠ ሰው አንገት ጋ ይሁን። ጻፈው። ከዚያ ተመለስና ንገረኝ።

የጋርላንዷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ለእናቴ እያነበብኩላት ነው። የነርሷን ስትሰማ «ይቺ ልጅ ትባረክ» አለች። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤላታለሁ።

ትናንት ደግሞ ሌላ ቤት ሞከርን። ኤሲ ጠጋኝ ስለ ጣሪያው መውጫ የጻፈውን አስቤ ገና በር ላይ ሆኜ ጣሪያውን አየሁ። የአየር መውጫዎቹ ዙሪያ ጥቁር አቧራ ይዞ ስለነበር አየሩ በየት በኩል እንደሚነፍስ ያስታውቃል። ከዚያ የራቀ፣ መስኮት ጋ ያለ ቦታ ጠየቅሁ። ያም ሆኖ ይበርድ ነበር። ባለፈው «ብርዱን ትንሽ ማርገብ ይቻላል?» ነበር ያልኩት፣ አሁን ግን ማናጀሯን ጠርቼ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ሦስት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብታደርጊልን» አልኳት። ቁጥር ስነግራት ወዲያው ሄደች። ተመልሳም መጥታ እናቴን «አሁን ይሻላል?» ብላ በእጅ ምልክት ጠየቀቻት። እናቴ ጎንበስ ብላ አመሰገነቻት። ከእኛ በስተጀርባ የተቀመጡ ሁለት ነጭ አሮጊቶች ሰምተው ኖሮ እነሱም አመሰገኑኝ፣ ሹራባቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ነበር የተቀመጡት፣ ለካ ማንም አልጠየቀም።

ጣሪያ_ላይ_ነኝ

ሦስት ዲግሪ እኔም አላማርርባትም።

ባለ_ምግብ_ቤት

ተመልሻለሁ። ሐሙስና አርብ ማታ ሁለት ቀን ለካሁ። ሠራተኞቼ ምን ሆነ ብለው ነበር፣ ከወንበር ወንበር ስዞር። መስኮት ጋ 76፣ መሃል 71፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ጋ 78። ጥጉ ላይ ያለው ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ 64 (ወደ 18 ዲግሪ) ሆኖ አገኘሁት። 64! ያ ጠረጴዛ ሰፊ ስለሆነ ሁልጊዜ ትልልቅ ሰዎችን፣ ክርስትና ያለባቸውን፣ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችን የማስቀምጥበት ነው። ክብር መስሎኝ። አሥር ደቂቃ ተቀምጬ ጆሮዬ ሥር ያለው ነገር ወደ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር ላይ አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ቴርሞስታቱ ያለው ደግሞ ከቡናው ረከቦት በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ከሰሉና ጀበናው ሥሩ ነው ያሉት።

ኤሲ_ጠጋኝ

አገኘኸው። ቴርሞስታቱ የሚያየው ከሰሉን ነው፣ ቤትህን አይደለም። እሱን ወደ መሃል አዳራሽ፣ ከፀሐይና ከወጥ ቤት በር ራቅ አድርገህ ለማዛወር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በሰዓት የሚቀያየር ቴርሞስታት ከሆነ ደግሞ እስከ ሁለት ሰዓት 74፣ ከዚያ ወደ 69 እንዲወርድ አድርገህ አስገባው። ማራገቢያው ሁልጊዜ እንዲዞር ተደርጎ እንደሆነም እየው፣ አውቶ ላይ መልሰው። ለስድስት ቁጥር ጠረጴዛ ደግሞ አየሩን ወደ ጣሪያ የሚያዞር ግልጽ ፕላስቲክ አለ፣ በማግኔት ነው የሚያዘው፣ ሃርድዌር ሱቅ ታገኘዋለህ። መውጫውን ጨርሰህ አትዝጋው፣ ሌላው ጋ ይጮኻል።

ባለ_ምግብ_ቤት

ማግኔቱ አሉሚኒየም ላይ ይይዛል? የእኔ መውጫ ብረት አይመስለኝም።

ኤሲ_ጠጋኝ

አሉሚኒየም ላይ አይዝም። በብሎን የሚታሰረውን ውሰድ። ወርዱን ዛሬ ለካና ጻፍልኝ፣ የትኛው እንደሚሆን እነግርሃለሁ።

ባለ_ምግብ_ቤት

24 በ24 ኢንች። መሰላል ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ።

የጋርላንዷ

ወንድሜ፣ ቤትህ ዳላስ አካባቢ ከሆነ በውስጥ መልእክት አድራሻውን ላክልኝ። ሲስተካከል እናቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን።